ባለ ክንፏን ዳዶ በብረት መዶሻ አትምቷት

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ ድሮ መኪኖች ስትጽፉ ይቺንም ጨምሩልኝ። እንደ ኤምጂቢ እና ጃጓር ኢ-ታይፕ ያሉት መኪኖች ባለ ሽቦ ቸርኬ ሲገጠምላቸው፣ ጎማው የሚታሰረው መሃል ላይ ባለች አንዲት ባለ ክንፍ ዳዶ ነው፤ የምትጠብቀውም ክንፏን በመዶሻ እየመቱ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው እጁ የገባለትን የብረት መዶሻ ያነሳል። እኔም አንድ ቀን አድርጌዋለሁ፦ ክሮሙ ተላጠ፣ ክንፏ ጫፍ ላይ ጥፍር የምታክል ስርጉዳት ቀረች፣ እስካሁን ባየኋት ቁጥር እናደዳለሁ።

የእርሳስ (ሊድ የሚባለው ብረት) መዶሻ ለስላሳ ነው፣ ምቱም ከባድ ነው። ግን ቶሎ ቅርጹ ይበላሻል፣ ከነኩት በኋላም እጅ መታጠብ ግድ ነው። መዳብ ይበረታል፣ ምልክት ግን ይተዋል። ለኔ ምርጡ ክንፎቹን የሚያቅፍ የእንጨት ቁልፍ ነው፤ መዶሻው የሚያርፈው እንጨቱ ላይ እንጂ ክሮሙ ላይ አይደለማ! ክንፍ የሌላት፣ ስምንት ማዕዘኗ ዳዶ ደግሞ የራሷ ቁልፍ አላት።

አቅጣጫውንም እዩ። በእነዚህ መኪኖች የቀኝ ጎኗ ዳዶ የምትጠብቀው ወደ ግራ ስትዞር ነው። ጥቂት ከነዳችሁ በኋላም ወርዳችሁ አንዴ ፈትሿት።