የሚመራው ላጣ መራጭ፦ ለጆርጂያ የምርጫ ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለጆርጂያ ግዛት ጸሐፊ ጽሕፈት ቤት
ለዲካልብ ካውንቲ የመራጮች ምዝገባና ምርጫ ቢሮ

ጉዳዩ፦ አማርኛ ተናጋሪ መራጮችን ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የጻፍነው አስበንበት ነው። የምንጠይቀው የምርጫ መረጃ በአማርኛም እንዲቀርብ ነው፤ ይህ የሚነካቸው እናቶችና አባቶች ራሳቸው አንብበው «ልክ ነው» ወይም «ይኼስ ቀርቷል» እንዲሉን እንፈልጋለን። እናንተም አስተርጓሚ ፈልጋችሁ ካነበባችሁት፣ እነርሱ በየምርጫው የሚገጥማቸውን ለአንድ ጊዜ ትቀምሱታላችሁ።

በክላርክስተን፣ በዲኬተርና በስቶን ማውንቴን ዙሪያ ባሉ ቤተ ክርስቲያናት የምናገለግል ሰዎች ነን፤ ኦርቶዶክስም ወንጌላዊም አለን። በአሜሪካ አጠራር «ተራማጅ ክርስቲያን» እንባላለን። ቃሉ በእኛ ዘንድ የደርግ ዘመን መፈክር ስለሚሸት ብዙ አንወደውም። እምነታችን ግን አጭር ነው፦ ድምፅ ለጎረቤት የሚደረግ ነገር ነው። ድምፅ ስንሰጥ የስደተኛውን ቤተሰብ፣ ኢንሹራንስ የሌለውን በሽተኛ፣ የቤት ኪራይ ያቃተውን ሠራተኛ አስበን እንሰጣለን። የኤቤኔዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢና ሴናተር ራፋኤል ዋርኖክ ድምፅ የጸሎት ዓይነት ነው ሲሉ ይሰማል፤ እኛም እንስማማለን። ለማን ይሰጥ የሚለውን ግን በዐውደ ምሕረት አንናገርም። ከ1954 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፌደራል የግብር ሕግ ስለሚከለክል ብቻ አይደለም፤ ሰው በህሊናው ፊት ብቻውን መቆም አለበት ብለን ስለምናምን ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የእኛ ሰው ከልጅነቱ ያውቀዋል። በሠረገላው ተቀምጦ ያነባል፤ ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ብሎ ይመልሳል። ማንበብ የሚችል ባለሥልጣን ነበር። የጎደለው አጠገቡ ተቀምጦ የሚያስረዳው ሰው ነው። የጆርጂያን የድምፅ መስጫ ወረቀት የያዘ አማርኛ ተናጋሪ ዜጋም እንዲሁ ነው። «ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ተደርጎ ይሻሻል ወይ?» ብሎ የሚጀምረውና በአንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ የሚሄደው ጥያቄ የኮሌጅ ምሩቅንም ያደክማል።

የፌደራሉን ሕግ እናውቀዋለን። የ1965ቱ የድምፅ መብት ሕግ በ1975 ሲሻሻል የገባው አንቀጽ 203፣ በአንድ አካባቢ እንግሊዝኛ የማይበቃቸው የአንድ ቋንቋ ዜጎች ከ10,000 ሲያልፉ ወይም ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ ዜጎች ከ5 በመቶ ሲበልጡ የምርጫ ጽሑፍ በቋንቋቸው እንዲቀርብ ያዛል። ግዊኔት ካውንቲ ከ2016 ጀምሮ በስፓኒሽ የሚያቀርበው በዚህ ነው። ሕጉ «የቋንቋ አናሳ» የሚላቸው ግን ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያ ዝርያ ያላቸውን፣ የአሜሪካና የአላስካ ነባር ሕዝቦችን ብቻ ነው። የአፍሪካ ቋንቋ በዚያ ዝርዝር የለም፤ ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው መቶ ሺህ ቢደርስም ቁጥሩ ሕጉን አያነቃውም። ግን ሕጉ ከዚያ በላይ አትሥሩ አይልም። ዲካልብ ራሱ በ2020 ማንም ሳያስገድደው መረጃ በስፓኒሽና በኮሪያኛ አዘጋጅቷል። ዋሽንግተን ዲሲም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ከዋና ዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ አድርጋ ትሠራበታለች። ስለዚህ ከዜሮ አትጀምሩም።

ትርጉሙ ሲሠራ ግን እባካችሁ ለማሽን ብቻ አትስጡት። የት የት እንደሚሰናከል እንንገራችሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱ። በምርጫ ቀን ጣቢያ ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 7 ክፍት ነው። ይህ በአማርኛ «ከ7 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት» ተብሎ ከተጻፈ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስብ አዛውንት ከምሳ በኋላ ይከፈታል ብሎ ይረዳል፤ መዝጊያው ደግሞ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ይሆንበታል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ሲደርስ «ገና ብዙ ጊዜ አለኝ» ይላል። ትክክለኛው «ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት» ነው፤ አጠገቡም የአሜሪካው ሰዓት ይጻፍ። ሁለቱም ይኑሩ፤ ወጣቱ በአንዱ፣ አረጋዊው በሌላው ያነባልና።

ቀኑም እንዲሁ። በ2024 ምርጫው ኖቬምበር 5 ነበር። ተርጓሚ «ህዳር 5» ብሎ ቢጽፈው የዘጠኝ ቀን ስህተት ነው፤ ኖቬምበር 5 ጥቅምት 26 ላይ ነበር የዋለው። ህዳር 5 ለኦርቶዶክስ ምእመን የጽጌ ጾም የሚያበቃበት ቀን ስለሆነ ማንም አይጠራጠረውም፤ በልቡ ይዞት ይቀመጣል። «ኖቬምበር» ብላችሁ በግእዝ ፊደል ጻፉት፤ እዚህ አገር የምንናገረውም እንደዚያ ነው።

ከቃላት ሁሉ የሚያሳስበን፣ ማንም 50 በመቶ ሲደመር አንድ ድምፅ ሳያገኝ ሲቀር ከአራት ሳምንት በኋላ የሚደረገው ምርጫ ስም ነው። «ድጋሚ ምርጫ» ከተባለ የእኛ ሰው በ1997 ዓ.ም. ቅሬታ በቀረበባቸው አካባቢዎች የተደረገውን ያስባል፤ የመጀመሪያው ተሰርዟል፣ አንድ ነገር ተበላሽቷል ብሎ ይደመድማል። «መለያ ምርጫ» በሉት። እንደ መለያ ምት ነው፤ ኳስ የሚያይ ሁሉ ይገባዋል።

አንድ ደግሞ ካርዱ። በኢትዮጵያ መራጭ የሚመርጠው በምዝገባ በተሰጠው ካርድ ነው። በጆርጂያ ካውንቲው በፖስታ የሚልከው የምርጫ ጣቢያ ካርድ ግን መታወቂያ አይደለም። ብዙ አረጋውያን እርሱን ብቻ በፕላስቲክ ሸፍነው ይዘው ይመጣሉ። ካርዱ ላይ በአማርኛ አንድ መስመር ቢጨመር ይበቃል፦ «ይህ መታወቂያ አይደለም፤ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ይዘው ይምጡ።» ጊዜው ያለፈበት የጆርጂያ መንጃ ፈቃድ እንደሚያገለግል፣ ምንም ለሌለው ደግሞ ካውንቲው የመራጭ መታወቂያ በነጻ እንደሚሰጥም በዚያው ይነገር።

አሁን ወደ ረዳቱ። በዚያው የድምፅ መብት ሕግ ውስጥ በ1982 የገባው አንቀጽ 208፣ ማየት ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም አካል ጉዳት ያለበት መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። የሚከለከሉት አሠሪው ወይም የአሠሪው ወኪል፣ እንዲሁም የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል ናቸው። ረዳቱ ዘመድ መሆን አያስፈልገውም። የጣቢያ ሠራተኛ «ልጅዎ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ግን ብዙ እናት ደንግጣ ወደ ኋላ ትላለች፤ ተከልክያለሁ ብላ ብቻዋን ገብታ የማታውቀውን ትነካለች፣ ወይም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ለሠራተኞቻችሁ በምትሰጡት ሥልጠና ይህ አንድ ነጥብ በግልጽ ይግባ፤ በየጣቢያው በር ላይም በአማርኛ ይለጠፍ። ለእኛም ወገን የምንለው አለ፦ ካህን ወይም መጋቢ ምእመኑን ሊረዳ ይችላል፣ የቤተ ክርስቲያኗ ደመወዝተኛ የሆነውን ግን አሠሪው ከሆነ አይችልም። ይህን ስንናገር የሚገረሙ አሉ።

ስለ ስም ደግሞ ትንሽ ታገሡን። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ነው የምንከተለው። «ገብረ ሥላሴ» ወይም «ወልደ ማርያም» የሚባል አባት ያለው ሰው በአንዱ ሰነድ ተያይዞ፣ በሌላው ተለያይቶ ይጻፋል፤ ሲለያይ ኮምፒውተሩ «ገብረ»ን የመሐል ስም፣ «ሥላሴ»ን የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። በ2018 ስማቸው ወይም መረጃቸው ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ጋር አልገጠመም ተብሎ 53,000 ያህል የምዝገባ ማመልከቻዎች ተንጠልጥለው ነበር፤ አብዛኞቹ የጥቁሮች ነበሩ። የ2019 ሕግ የስም አለመግጠምን ጉዳት ቀንሶታል። የዜግነት መረጃ አለመግጠም ግን ዛሬም ያሰናክላል። መንጃ ፈቃዱን በግሪን ካርድ ያወጣ ሰው ዜጋ ከሆነ በኋላ መዝገቡ ራሱን አያርምም፤ ሰውየው ቃለ መሐላ ፈጽሞ፣ ባንዲራ ይዞ ፎቶ ተነሥቶ፣ በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ ግን አሁንም የውጭ ዜጋ ነው። የዜግነት ወረቀቱን ወይም ፓስፖርቱን ጣቢያ ይዞ ከመጣ ይፈታል። ይህን የሚነግረው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ብቻ ሲመጣ ግን ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተደባልቆ ይጣላል። የምንጠይቀው፣ የዜግነት ቃለ መሐላ በሚፈጸምበት ቀን «መንጃ ፈቃድህን አሳድስ» የሚል ግማሽ ገጽ አማርኛ ከመራጮች ምዝገባ ቅጹ ጋር እንዲሰጥ ነው። የምዝገባው መዝጊያ ከምርጫው በፊት ያለው አምስተኛ ሰኞ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ አያዋጣም።

አሁን ደግሞ ወደ እሑድ። የ2021ዱ የጆርጂያ የምርጫ ሕግ ከምርጫው ቀን ቀድሞ ድምፅ ለሚሰጥ ሰው ሁለት ቅዳሜዎችን ግዴታ አድርጎ እሑዶቹን ለካውንቲው ፈቃድ ትቷል፤ ከምርጫው በፊት ያሉት ሁለተኛውና ሦስተኛው እሑድ ናቸው፤ በ2024 ኦክቶበር 20 እና 27 ነበሩ። ጥቁር አሜሪካውያን ወንድሞቻችን ከአምልኮ በቀጥታ በአውቶቡስ ወደ ጣቢያ የመሄድ ልማዳቸውን በዚሁ ቀን ነው የሚፈጽሙት። ለእኛ ሰው ደግሞ ቅዳሜም የሥራ ቀን ነው፤ በፓርኪንግ፣ በታክሲ፣ በመጋዘን፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠራው እሑድን ብቻ ነው የሚያገኘው። ሕጉ ሠራተኛ ለመምረጥ እስከ 2 ሰዓት እንዲፈቀድለት ቢልም በራሱ መኪና ለሚነዳው ሹፌር ማን ይፈቅድለታል? ዲካልብ ሁለቱንም እሑድ ይክፈት። ሰዓቱንም ከቀትር እስከ ከሰዓት በኋላ 5፣ በእኛ ከቀኑ 6 እስከ 11 ሰዓት ያድርገው። ጠዋት ቅዳሴ ላይ ያለውን ሰው የጠዋቱ ሰዓት አይጠቅመውም።

ውኃን በተመለከተ፣ ያው ሕግ ከጣቢያው ሕንፃ በ150 ጫማ ውስጥ ለተሰለፈ መራጭ ምግብና ውኃ መስጠትን ወንጀል አድርጓል፤ ከዚያ ውጭ ባለው ሰልፍ ዙሪያ ያለውን የ25 ጫማ ክልከላ የፌደራል ዳኛ በኦገስት 2023 አግደዋል። ተጠምቼ አጠጥታችሁኛል የሚለውን ወንጌል የምናነብ ሰዎች ይህን አንቀጽ ልንወደው አንችልም፤ እንዲሻርም መጠየቃችንን አናቆምም። እስከዚያ ድረስ ግን ሕጉ ራሱ የጣቢያ ሠራተኞች ማንም ቀድቶ የሚጠጣበት የውኃ ማቅረቢያ እንዲያስቀምጡ ይፈቅዳል። ፈቃድ ብቻ ስለሆነ ብዙ ቦታ አይቀመጥም። በክላርክስተን ጣቢያዎች አስቀምጡልን። ብርጭቆውን እኛ እናዋጣለን።

ትርጉሙን ለማረም፣ የሰዓትና የቀን ሠንጠረዡን ለማስተካከል፣ ለሠራተኞቻችሁ ሥልጠና ለመገኘት ያለ ክፍያ ዝግጁ ነን። መልሳችሁን ከሚቀጥለው የምዝገባ መዝጊያ ቢያንስ 60 ቀን ቀድሞ እንጠብቃለን፤ ለማተምና በየቤተ ክርስቲያኑ ለማዳረስ ከዚያ ያነሰ ጊዜ አይበቃምና።

ከአክብሮት ጋር፣
በዲካልብ ካውንቲ የምንኖር አማርኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች