ለየኔታ (የምሬን ነው)

አንተ ሰውዬ፣ እንዴት ነህ? ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ። ልደውል እያልኩ «አሁን ደግሞ ከየት ልጀምር» ስል ጊዜው ነጎደ። አንተም ግን አልደወልክም፤ ስለዚህ አቻ ነን። የሐዋሳን ወሬ ሌላ ቀን አወራሃለሁ። ዛሬ የፈለግኩህ ለጉዳይ ነው።

የእህቴ ትልቁ ልጅ፣ ያ ክርስትናው ላይ እሪ ሲልብህ የዋለው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶልሃል። እሁድ አሞራ ገደል ዓሳ ልጋብዘው ወሰድኩት። ገና ጥብሱ ሳይመጣ ስልኩን አውጥቶ ፊቴ ደቀነው። ማቴዎስ 27 ላይ ይሁዳ ብሩን ቤተ መቅደስ ጥሎ ሄዶ ታነቀ፣ መሬቱን ካህናቱ ገዙ። ሐዋርያት ሥራ 1 ላይ ግን መሬቱን የገዛው ራሱ ይሁዳ ነው፣ ተደፍቶም አንጀቱ ተዘረገፈ። አንድ አጎቱ «ታንቆ ሳለ ገመዱ ተበጥሶ ወደቀ» ብሎታል። ልጁ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሺ፣ መሬቱንስ ማን ገዛው?» በእሱ ብር ስለተገዛ እሱ እንደገዛው ይቆጠራል የሚሉ እንዳሉ ነገርኩት። ዓሳውን እየፈለቀቀ «ይሆናል» አለኝ፤ ያቺን «ይሆናል» ብትሰማት!

የዳዊት ቆጠራ ግን እኔንም ያዘኝ። 2ኛ ሳሙኤል 24 ላይ ዳዊትን ሕዝብ ቁጠር ብሎ ያነሣሣው እግዚአብሔር ነው። 1ኛ ዜና መዋዕል 21 ላይ ሰይጣን። ቁጥሩም አይገጥምም፤ አንዱ እስራኤልን 800,000 ይሁዳን 500,000 ሲል፣ ሌላው 1,100,000 እና 470,000 ይላል። አባቶች «እግዚአብሔር ፈቀደ፣ ሰይጣን ፈተነ» ይላሉ፣ እንደ ኢዮብ ማለት ነው። ያስኬዳል። ምሁራኑ ደግሞ ዜና መዋዕል ከባቢሎን ምርኮ በኋላ የተጻፈ ነው፣ ጸሐፊው የቆየውን ታሪክ በራሱ ዘመን እምነት ተረጎመው ይላሉ። እኔን ይሄኛው ደስ አለኝ፣ ምን ላድርግ! የሚከብደውን ነገር ተቀምጦ ያሰበበት ሰው እዚያው መጽሐፉ ውስጥ አለ ማለት ነው። ይህን ስል ግን መናፍቅ ሆንኩ እንዴ? አንተ ንገረኝ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ብታቋርጠውም ትርጓሜ ቤት የተቀመጥከው አንተ ነህ።

እኔን ያሳሰበኝ ጥያቄው አይደለም። ልጁ በጠየቀ ቁጥር ሰው ይቆጣዋል። እናቱ «ለክፎታል» ብላ ቅዳሜ ጠበል ልትወስደው ተነሥታለች። እሱም ዝም ማለት ጀምሯል፣ ዝምታው ነው የሚያስፈራኝ። የሐዋሳው ታቦር ተራራ ላይ ስለ ማርያም እጮኛ ስለ ዮሴፍ ሁለት አባቶች ያጫወትከኝን ነግሬው ነበር፤ ማቴዎስ የያዕቆብ ልጅ፣ ሉቃስ የኤሊ ልጅ የሚሉት፣ ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው ሚስቱን ወንድሙ አግብቶ ዘር ይተካለት ስለነበር፣ አንዱ በሥጋ አንዱ በሕግ አባቱ ነው ያልከውን። በእሱ ነው ቀና ብሎ «ማን ነገረህ?» ያለኝ። አንተን ጠራሁልህ፣ ምን ይደረግ።

እና ደውልለት። ቁጥሩን በቴሌግራም እልክልሃለሁ። እባክህ ስብከት አትጀምር፣ አውቅሃለሁ! መልሱን የማታውቀው ካለ አላውቀውም በለው፣ አይታዘብህም። እኔ እንደላክሁህም እንዳታወራ። ብቻ ከቅዳሜ በፊት ይሁን። ያንተን ብር ደግሞ አልረሳሁትም፣ ደሞዝ ይውጣና እናወራለን።