በወይን ጀምረን በአቼቶ ጨረስን፦ የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ በወይን ላይ የዋለው በአንድ የ9ኛ ለ ተማሪ ጥያቄ ሰበብ ነው። ጥቅምት ላይ ሰሌዳው ላይ «ሐምራዊ» ብዬ ብጽፍ «መምህር፣ ወይን ጠጅ ማለትዎ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ወይን እኮ ሲላጥ ውስጡ ነጣ ያለ ነው። ቀለሙ ታዲያ ከየት መጣ?» ልመልስለት አፌን ስከፍት ደወል ተደወለ፤ ደግነቱ።

አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ ፍራፍሬ በጅምላ ዋጋ የሚፈልግ ሰው እስከ ኃይሌ ጋርመንት መውረድ አለበት። የክበቡ መዋጮ ለታክሲ ስለማይተርፍ ከበራችን ማዶ ካለው ጁስ ቤት ጎን 3 ኪሎ ጥቁር ወይን ገዛን። ግማሹ ጎምዛዛ ነበር። ልጆቹ እንደ ሙዝ በጋዜጣ ጠቅልለው ሊያበስሉት ሞከሩ፤ በሦስተኛው ቀንም እንደጎመዘዘ አገኙት። ወይን ከሐረጉ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም፤ ይጠወልጋል እንጂ።

ጣፋጩን ለይተን፣ ቆዳውን ሳንጨፈልቅ ልጠን ጨመቅነው። ብርጭቆው ውስጥ የወረደው ጭማቂ ቀለሙ የገብስ ውሃ ይመስላል። ከዚያ ቆዳውን ብቻ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍነው፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውሃው ወይን ጠጅ ሆነ። ጥቂት ሎሚ ጠብ ሲደረግበት ቦግ ያለ ቀይ፣ ቤኪንግ ሶዳ ሲነሰነስበት ወደ አረንጓዴ ያደላ ሰማያዊ ሆነ። የ9ኛ ለው ልጅ ቃል አልተነፈሰም፤ ብርጭቆዎቹን በየተራ መስኮት ላይ እያስደገፈ ያያቸዋል። ቀይ ወይን ጠጅ ቀይ የሚሆነው ጭማቂው ከነቆዳው እንዲፈላ ስለሚደረግ ነው፤ ነጩን የሚሠሩት ቆዳውን ቀድመው ይለያሉ። ስለዚህ ከጥቁር የወይን ፍሬም ቢሆን ነጭ ወይን ጠጅ ይወጣል።

ታኅሣሥ ላይ የቀረውን ጭማቂ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርገን ትንሽ እርሾ ጨመርንበት፤ አፉ ላይ ፊኛ አሰርን። በማግስቱ ፊኛው ቀጥ ብሎ ቆሟል። በውስጡ ያለውን አየር በኖራ ውሃ ውስጥ ስናሳልፈው ውሃው ወተት መሰለ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እርሾው ስኳሩን እየበላ አልኮልና ይህን ጋዝ ያወጣል። ጠጅ ሲጣል በሚታይ ቤት ያደጉ ልጆች ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም፤ አንዷማ «ጌሾው ብቻ ነው የቀረን» ብላ አሳቀችን።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። በሳምንቱ የአንዲት ተማሪ እናት መጡ። «መምህር፣ ልጄን ወይን ጠጅ እያስጠመቁ ነው የሚሉት እውነት ነው?» አሉኝ፤ ቁጣ የለባቸውም፣ ግን ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። ልክ ነበሩ። ለወላጆች አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ፤ አልነገርኩም። ጠርሙሱን እሳቸው ባሉበት ማጠቢያው ውስጥ ደፋነው።

ከዚያ ወዲህ ትኩረታችንን ወደ ፍሬው መለስን። አንድ ቡድን «ወይን ካንሰርን ያድናል» የሚል ፖስተር ለጥፎ አገኘሁና አስነሳሁት፤ ከስልክ ላይ የተገለበጠ ነው። በተሻለው ፖስተር እንዲህ ተጻፈ፦ 100 ግራም ወይን 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፣ 15 ግራም ገደማ ስኳር፣ ወደ 70 ካሎሪ፣ ቫይታሚን ኬ እና ፖታሲየም አለው። ቆዳው ውስጥ ያለው ሬስቬራትሮል የተባለው ንጥረ ነገር ብዙ ተወርቶለታል፤ መጠኑ ግን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ላቦራቶሪ ውስጥ የታየው ሁሉ ወይን በበላ ሰው ላይ ይታያል ማለት አይደለም። «ቀይ ወይን ጠጅ ለልብ ጥሩ ነው» የሚለውንም ጨምረን ጠየቅን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና አያሰጋም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ አስታውቋል። ከነቆዳው የተበላ ወይን የሚሰጠውን ለማግኘት መጠጣት አያስፈልግም።

ስለ ዘቢብ የተነጋገርንበት ቀን ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ዘቢብ ውሃው የተነነ ወይን ነው፤ አንድ ኪሎ ለማግኘት አራት ኪሎ ያህል ፍሬ ይደርቃል፤ ስለዚህ ስኳሩ እጅግ ይጨምራል፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በእፍኝ ሊቅመው አይገባም። በክበቡ ዲያቆን የሆነ የ11ኛ ክፍል ልጅ አለን። ምእመናን ከዕጣንና ከጧፍ ጋር የሚያመጡት ዘቢብ በቤተልሔም፣ ማለትም ለቅዳሴ የሚቀርበው በሚሰናዳበት የቤተ ክርስቲያን ክፍል፣ በውሃ ተዘፍዝፎ እንደሚጨመቅ ነገረን። «ለምን አይፈላም?» ተብሎ ሲጠየቅ «ለዕለቱ ቅዳሴ የሚዘጋጅ ነው፤ ለመፍላት ጊዜ የለውም» አለ። ሌላም ሌላም ጠየቁት፤ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። እኔም አላስጨነቅሁትም።

ወደ ባቱ ሄደን የወይን እርሻውን ለማየት ያቀድነው አልሆነም፤ የአውቶቡስ ኪራዩ ከመዋጯችን ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

የካቲት ላይ፣ ከግማሽ ዓመቱ ዕረፍት በኋላ፣ ቁም ሣጥን ስናጸዳ ከጀርባው በሻሽ የተሸፈነ ማሰሮ ወጣ። ከዚያው እርሾ ከገባበት ጭማቂ የተቀነሰበት ነው፤ ጠርሙሱን ስንደፋ ተረስቷል። ክዳን ስላልነበረው አየር ገብቶለታል፤ ከላዩ ስስ ቆዳ የመሰለ ነገር ጋርዶታል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል። አልኮሉን አየር የሚወዱ ባክቴሪያዎች ወደ አሲድ ለውጠውት አቼቶ ሆኗል። እኚያ እናት በወላጆች ቀን አሽትተው «ይህንንስ ከሱቅ ነው የምገዛው» አሉ። አላቀመስናቸውም፤ የላቦራቶሪ ዕቃ ውስጥ የተሠራ ነገር ሰላጣ ላይ አይፈስም።

ከአንድ ተማሪ አያት ግቢ ተቆርጠው የመጡ ስድስት የወይን ቁራጮች ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ተክለን ነበር፤ አራቱ ሥር ይዘዋል። ፍሬ እስኪሰጡ ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋሉ፤ ያኔ የዛሬዎቹ 9ኛ ክፍሎች 12ኛን እየጨረሱ ይሆናል። በክረምት ውሃ አያሳስበንም፤ የሚያሰጋን ቅጠሉን የሚይዘው ሻጋታ ነው። ሰፈሩ ቅርብ የሆነ ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን ብቅ እያለ የተበከለውን ቅጠል ቢያነሳልን፣ መቀሱ ጥበቃው ክፍል ተቀምጧል።