ነጣ ያለ ቆዳ ሁሉ ለምጽ አይባል

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ቆዳ ሕመም ሲጻፍ፣ የነጣውን ሁሉ «ለምጽ» ብሎ ማለፍ ተለምዷል። ይህ ቃል በመጽሐፍ ቅዱሳችን የሥጋ ደዌን ትርጉም ጭምር ተሸክሞ ስለኖረ፣ ለምጽ የወጣበትን ሰው ያለ በሽታው ሌሎች ይሸሹታል። የሥጋ ደዌ የያዘው ደግሞ «ለምጽ ነው፣ መድኃኒት የለውም» ተብሎ ነርቩ እስኪጎዳ ቤቱ ይቀመጣል።

ለምጽ፣ ማለትም ቪቲሊጎ፣ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የቆዳን ቀለም የሚሠሩትን ሕዋሳት ሲያጠፋ ነው። ተላላፊ አይደለም። ቦታው እንደ ኖራ ይነጣል፣ ዳርቻው ጎልቶ ይታያል፣ ስሜቱ ግን ጤነኛ ነው። የሥጋ ደዌው ምልክት ፈዘዝ ወይም ቀላ ይላል እንጂ እንዲህ ፍጹም አይነጣም፤ ብዙውን ጊዜም ይደነዝዛል።

ለመለየት ጥጥ ይበቃል። የጥጡን ጫፍ አሹሎ መጀመሪያ ጤነኛው ቆዳ ላይ ማስነካት፣ ሰውየው እንዴት እንደሚሰማው ይወቅ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በተነካ ቁጥር ቦታውን በጣቱ ያመልክት። ጥጡ ይንካ እንጂ አይጎተት። ብዙዎች የሚሳሳቱት «አሁንስ ተሰማህ?» እያሉ በመንካት ነው፤ ጥያቄው ራሱ መልሱን ይነግረዋል። ካልተሰማው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ፤ የሥጋ ደዌ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል። ፊት ላይ የወጣ ግን ስሜቱ ሳይጠፋም ሊቆይ ስለሚችል፣ ተሰማኝ ማለቱ ብቻ ነፃ አያደርገውም።

ቋቁቻ ሌላ ነው። በጥፍር ሲፋቅ ደቃቅ ቅርፊት ያነሣል፤ የሚያመጣው ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ከሞተም በኋላ ቀለሙ ለመመለስ ወራት ይፈጃል፤ ይህን ያልተነገረው ሰው መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ደጋግሞ ይቀባል።

ለምጽ መድኃኒት የለውም የሚባለውም ልክ አይደለም። ቀለሙ በአብዛኛው የሚመለሰው ከፀጉር ሥር ነው፤ ሲሻል ነጩ ላይ በየፀጉሩ ዙሪያ ጥቋቁር ነጥቦች ብቅ ይላሉ። ስለዚህ ፊት ቶሎ ይመልሳል፤ ፀጉር የሌለው የጣት ጫፍና ከንፈር፣ እንዲሁም ፀጉሩ አብሮ የነጣ ቦታ ያስቸግራሉ። ሐኪም ያዘዘው ቅባትና በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ የሚሰጥ የአልትራቫዮሌት ጨረር (የሞገድ ርዝመቱ 311 ናኖሜትር የሆነ) ሕክምና ትዕግሥት ይጠይቃሉ፤ 6 ወር ሳይሞላ «አልሠራም» ማለት ችኮላ ነው። አሲድና የሚያቃጥል ቅጠል መለጠፍ ግን ክፉ ጉዳት ነው፤ በለምጽ የተያዘ ቆዳ በቆሰለበት ወይም በተፋቀበት አዲስ ነጭ ያወጣልና።

እባካችሁ፣ ስለ ሥጋ ደዌ በሚወጣ ዜና ጎን ለምጽ ያለበትን ሰው ፎቶ አታትሙ።