ከሐይቁ የተገኘ ብር መጀመሪያ ለሐይቁ ይዋል፦ ግልጽ ደብዳቤ ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር

ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ሐዋሳ

ክቡር ከንቲባ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚሰበሰበው ገንዘብ ወደ ሌላ ሥራ ከመዞሩ በፊት የሐይቁን የራሱን ወጪ ይሸፍን። የመግቢያ ትኬቱም፣ የጀልባ ፈቃዱም፣ የዳርቻ ቦታ ኪራዩም ማለቴ ነው። ደብዳቤዬ ቢረዝምም ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚሁ ላይ ነው።

አሁን የምጽፈው ጊዜው ስለሆነ ነው። የኮሪደር ልማቱ ከተማችን ገብቷል። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ ወዲህ ከአዲስ አበባ መምጣት ቀሏል። ቅዳሜና እሑድ ፍቅር ሐይቅ በምንለው የሐይቃችን ዳርቻ መዝናኛ መኪና ማቆሚያ ይጠፋል። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጫምባላላማ የበዓሉ ቦታ ጉዱማሌ ጠጠር መጣያ አይገኝበትም። እንግዳ በመብዛቱ ደስ ይለኛል። ጀልባ ነጂው፣ ዓሣ ጠባሿ፣ ፎቶ አንሺው፣ ቡና የምታፈላው፣ ባለ ባጃጁ፣ ሁሉም ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚህ እንግዳ ነው። ስለዚህ ይዘጋ፣ ይከልከል የሚል ሐሳብ የለኝም።

ነገር ግን የእኛ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጣና አባይ አለው። የባቱ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይፈሳል። ከሐዋሳ ሐይቅ ግን አንድም ወንዝ አይወጣም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ዝናብና ጎርፍ ይገባበታል፣ ከዚያ የሚቀንሰው በዋናነት ፀሐይ ነው። ፀሐይ ደግሞ የምትወስደው ውሃውን ብቻ ነው። ሳሙናው፣ ማዳበሪያው፣ የሞተር ዘይቱ፣ ፕላስቲኩ እዚያው ይቀራል። የሐይቁ ስፋት 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም። ከታቦር ተራራ ላይ ሆኖ ለሚያየው ትልቅ ይመስላል፤ የከተማ ቆሻሻ ለመሸከም ግን ትንሽ ነው። ጀልባውንም ሆቴሉንም ትኬቱንም ስናስብ ከዚህ ተነስተን ነው ማሰብ ያለብን።

አንድ ቀን ጠዋት በማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ቢመጡ ብዙ ነገር በዓይንዎ ያያሉ። ዓሣ አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ ንጋት ላይ አንስተው ይገባሉ። ወጣቶቹ ጭቃው ላይ ተቀምጠው ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በቢላ ቆዳውን ይገፉታል፣ ፊሌቶውን ለብቻ፣ አጥንቱን ለብቻ ያደርጋሉ። ሆድ ዕቃው እዚያው መሬት ላይ ይወረወራል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከሰው ጋር ተሰልፈው ይጠብቃሉ፤ እንግዳ ፎቶ የሚያነሳውም እነሱን ነው። ወፎቹ ያልጨረሱት ቅርፊትና ደም ግን በታጠበ ቁጥር ወደ ውሃው ይወርዳል። የሚታጠብበት ባንኮኒ፣ የራሱ ማጥለያ ያለው የፍሳሽ መስመር፣ ክዳን ያለው በርሜል፣ ቀን በቀን የሚያነሳ ሰው፣ እነዚህ ተዓምር አይጠይቁም። የሚጠይቁት ቋሚ በጀት ነው። አንድ ጊዜ ተዘምቶ ጸድቶ፣ ባነር ተይዞ ፎቶ ተነስቶ፣ በሳምንቱ ወደ ነበረበት ሲመለስ ብዙዎቻችን አይተናል። ዘመቻ ለሐይቅ አይሆንም። ደመወዝተኛ ይሆናል።

ጀልባዎቹን በተመለከተ ሦስት ቅሬታ በየጊዜው እሰማለሁ፤ ሦስቱም ተገቢ ይመስሉኛል።

የመጀመሪያው የዓሣ አጥማጆቹ ነው። የመዝናኛ ጀልባ ሞተር መረባቸው ላይ ሲያልፍ ይበጥሰዋል። መረብ ዛሬ ርካሽ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ የተለፋበት ዓሣም አብሮ ይሄዳል። መፍትሔው ሁለቱን ማጣላት አይደለም። የመዝናኛ ጀልባ መረብ ከተነሳ በኋላ ይውጣ፤ መንገዱም በተንሳፋፊ ምልክት ይታወቅ። መነሻቸውም ይለይ፤ ዓሣ የሚወርድበት ሌላ፣ እንግዳ የሚሳፈርበት ሌላ።

ሁለተኛው የእንግዳው ነው። ዋጋው እንደ ሰው ፊት ይቀያየራል። በኮንትራት ነው ወይስ በሰው፣ ስንት ደቂቃ ነው፣ እስከየት ነው፣ የሚታወቅ ነገር የለም። መሃል ላይ ደላላ ከገባማ ጀልባ ነጂው ራሱ የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው። በር ላይ ታሪፉ በሲዳምኛና በአማርኛ በትልቁ ቢለጠፍ ጭቅጭቁ ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል።

ሦስተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ልጠንክር። በአንዲት ጀልባ ተሳፍሬ ላይፍ ጃኬት ስጠይቅ ከመቀመጫው ሥር ተጎትቶ ወጣልኝ። እርጥብ ነው፣ መቆለፊያው ተሰብሯል። ከፊቴ የተቀመጠችው እናት ለታቀፈችው ሕፃን የሚሆን ልክ ጭራሽ አልነበረም። አንዱ ልጅ ደግሞ በተቆረጠ ጄሪካን ውሃ እየጨለፈ ይደፋ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ እንደ ጠዋቱ እንደማይሆን ሐዋሳ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ጉማሬ ለማሳየት ሲባልም አንዳንዱ ነጂ አፍንጫው ሥር ድረስ ይጠጋል። ጉማሬ ወደ ጥልቁ ውሃ የሚያመልጥበት ከተዘጋበት ጀልባ ይገለብጣል። ሰው ከሞተ በኋላ የሚወጣ መመሪያ ለማንም አይጠቅምም። ጀልባ በየዓመቱ ይመርመር፤ የሰው ቁጥር ጎኑ ላይ ይጻፍ፤ ጃኬት ያልለበሰ ሰው አይሳፈር፤ ጉማሬውን ከሩቅ ማየት ይለመድ።

ይህን ሁሉ ጀልባ ነጂዎቹ ከኪሳቸው ያሟሉ ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። አብዛኞቹ በማኅበር ተደራጅተው የዕለት ጉርሳቸውን የሚያገኙ ወጣቶች ናቸው። ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚነዳው ቱ ስትሮክ ሞተር ከነዳጁ የተወሰነውን ሳያቃጥል ውሃው ውስጥ ይተፋዋል። በፎር ስትሮክ ቢቀየር ለሐይቁም ለነጂውም ይሻላል፤ ነዳጅም ይቆጥባል። ግን ማን ይግዛለት? ከሐይቁ ገቢ የሚቆረጥ ተዘዋዋሪ ብድር ቢኖር ኖሮ ማኅበራቱ ራሳቸው ተሽቀዳድመው በቀየሩት።

አሁን ወደ ዳርቻው ልምጣ፤ ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ከሆቴል በረንዳ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ፊላውና ቄጠማው እይታ የሚከለክል አረም ይመስለዋል። ስለዚህ ይታጨዳል፣ አፈር ይደፋበታል፣ ሲሚንቶ ይፈስበታል። ቆሮሶ ግን የሚራባው በዚያ ጥልቀት በሌለው ዳር ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ መልሳ አፏ ውስጥ ታስገባቸዋለች። ትንሽ ሲያድጉ የሚደበቁት ፊላው ሥር ነው። ከከተማው የሚመጣውን ደለልና እድፍ የሚያጣራውም ያው ፊላ ነው። እንግዳው ትኩስ ዓሣ ፍለጋ ይመጣል፤ እኛ ደግሞ ለእንግዳው መቀመጫ ብለን ዓሣው የሚያድግበትን እንነቅላለን። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ቅጣት ከመጣሉ በፊት ሰው ወሰኑን ይወቀው። የሐይቁ በፈር ዞን፣ ማለትም ዳርቻውን የሚጠብቀው ክልል፣ በሚታይ ችካል ይከለል፤ የትኛው ቦታ ለመዝናኛ፣ የትኛው ለዓሣ መራቢያ እንደሆነ ካርታው አደባባይ ይውጣ። እስከዚያ አዲስ ግንባታ ይቆይ።

ከላይ ከጨለለቃ ረግረግና ከጥቁር ውሃ የሚመጣው ጣጣ ለብቻው ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል። እዚህ የማነሳው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥፋቱን ሁሉ ዓሣ አጥማጅና ጀልባ ነጂ ላይ መጫን ልክ አይደለም። ሐምሌ 2008 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የታነጸው። ከሐይቁ ዳር ላሉ ሆቴሎችም ያንኑ ዓይነት ግዴታ መጠየቅ እንግዳ ነገር አይሆንም።

እንግዲህ ወደ ብሩ። የሐይቁ ገቢ የራሱ የባንክ ሒሳብ ይኑረው። ከእይታው ከፍተኛ ትርፍ የሚያገኘው ከፍ አድርጎ ይክፈል፤ ሆቴልና ሪዞርት፣ ሠርግና ኮንሰርት አዘጋጅ። የጀልባ ትኬት ላይ ትንሽ ብር ብትጨመር እንግዳው አይቀየምም፤ የት እንደገባች እስካየ ድረስ። ዓሣ አጥማጁ ላይ ግን አዲስ ክፍያ አይጨመር። የፍቅር ሐይቅ የእግር መንገድም ለነዋሪው ነጻ ሆኖ ይቀጥል። ቤቱ ጠባብ የሆነበት የከተማችን ሰው ሲመሽ ልጆቹን ይዞ አየር የሚቀበልበት ሌላ ቦታ የለውም። በየሦስት ወሩም ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለምን ወጣ የሚለው አሞራ ገደል በር ላይ ይለጠፍ። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ጸድቋል፤ ከዚህ በር የተሻለ መጀመሪያ ቦታ አይታየኝም።

ይህን ሒሳብ የሚቆጣጠረው ኮሚቴ ከቢሮ ሰዎች ብቻ ባይሆን እመኛለሁ። ከዓሣ አጥማጆች ማኅበር፣ ከጀልባ ማኅበራት፣ ዓሣ ከሚጠብሱት ሴቶች፣ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ባለሙያዎች አንድ አንድ ሰው ይግባበት። የአገር ሽማግሌዎችም አይቅሩ፤ ሐይቁን እኛ ሳንወለድ በፊት ያውቁታል።

አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከዚያ በፊት ጽሕፈት ቤትዎ በጉዳዩ ላይ አንድ ግልጽ የሕዝብ ስብሰባ እንዲጠራ እጠይቃለሁ። በአዳራሽ ሳይሆን እዚያው አሞራ ገደል ቢሆን፣ የዓሣ ገበያው ከተበተነ በኋላ ረፋዱ ላይ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ ሥራውን ሳይፈታ ይገኛል። ቀኑ ይነገረን እንጂ ወንበር እኛው እናመጣለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የሐዋሳ ነዋሪ