ፍልስፍና በሽምደዳ አይዘለቅም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በኮሌጅ የፍልስፍና መግቢያ ኮርስ ዲበ አካል (የህልውና ምንነት ጥናት)፣ ሥነ ዕውቀት፣ ሥነ ምግባር፣ ሥነ ውበትና ሥነ አመክንዮ (የትክክለኛ ሙግት ጥናት) ብዙ ጊዜ በአንድ ሴሚስተር ይታጨቃሉ። ተማሪው የየዘርፉን ብያኔ ሸምድዶ ለፈተና ይቀርባል፤ ጥያቄዎቹ ግን ሳይነኩት ያልፋሉ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ሥነ ዕውቀትን እንውሰድ። ዕውቀት «በምክንያት የተደገፈ እውነተኛ እምነት» ነው ተብሎ ይጻፋል፤ በቃ። አንድ ሰው ግን ተበላሽቶ 9 ሰዓት ላይ የቆመ የግድግዳ ሰዓት መቆሙን ሳያውቅ አየ እንበል፤ ባየበት ቅጽበት ደግሞ በእርግጥም 9 ሰዓት ነው። ያመነው እውነት ነው፣ ምክንያትም አለው፤ ታዲያ ዐወቀ እንላለን? ምሳሌው የብሪታንያዊው ፈላስፋ የበርትራንድ ራስል ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ፈላስፋ ኤድመንድ ጌቲየር በሦስት ገጽ ጽሑፍ ያንኑ ብያኔ አናጋው። በዚህ ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ መከራከር አሥር ብያኔ ከማስጻፍ ይበልጣል።

ሥነ አመክንዮም መጨረሻ ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ከሁሉ ቀድሞ ይሰጥ። መደምደሚያው ከመነሻ ሐሳቦቹ መከተል አለመከተሉን መለየት ያልለመደ ተማሪ የሥነ ምግባር ክርክር መመዘን ይቸግረዋል። መምህራን የሚሸፍኑትን ቀንሰው በጥልቀት እንዲያስተምሩ፣ ፈተናውም ብያኔ ሳይሆን ሙግት እንዲጠይቅ በአክብሮት አሳስባለሁ።