ቅዳሜ የተዘጋው ሙዚየም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሐዋሳ ወዳለ አንድ ሙዚየም ሄድኩ። ዝግ ነው። ጥበቃው «ቁልፉ ሙዚየሙን የሚያስጎበኙት ሴትዮ ጋር ነው፣ ቅዳሜ አይገቡም» አለኝ። ሰኞ እሷን ከትምህርት ቤት፣ ራሴን ከሥራ አስፈቅጄ ተመለስን።

ሴትየዋ ግን ወርቅ ናቸው! የእንሰት መፋቂያውን ቀርከሃ ለልጄ አስጨብጠው እንዴት እንደሚፋቅ አሳዩዋት። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ ጫምባላላ፣ ቀን የሚቆረጠው ከዋክብት በሚያነቡ ሽማግሌዎች መሆኑንም ነገሯት። እስካሁን ማታ ማታ ሰማይ ታያለች።

ችግሩ፣ የዕቃዎቹ ታሪክ ያለው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ግማሾቹ ስም እንኳ አልተለጠፈባቸውም። ጡረታቸው ደግሞ ተቃርቧል። እባካችሁ ረዳት ቅጠሩላቸው፣ የሚሉትንም ቅረጹ። ቅዳሜም ይከፈት እንጂ!

አንድ አባት፣ ከሐዋሳ